የማይታጠፍ ጉልበት

የቀለጠ የፍየል ሞራ ሽታ ከየትም ቢመጣ ወዳደግሁበት ወገራ ይመልሰኛል። በክረምት፣ ዝናቡ ሳያባራ ሲወርድ፣ እናቴ ሞራውን በሸክላ ስባሪ አቅልጣ፣ እያሸች የአባቴን ቀኝ ጉልበት ትቀባው ነበር፤ አባቴም ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ያሳልፈው ነበር። በጣሊያን ጊዜ ጥይት መትቶት፣ ጫካ ውስጥ ያለ ሐኪም ድኖ፣ አጥንቱ እንደ ግንድ ገጥሞ ቀርቶ ነበርና ያ ጉልበት ከዚያ ወዲህ ታጥፎ አያውቅም። ለማያውቀው ሰው አባቴ ከመንደሩ ወንዶች ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነበር። መቆሙን ይችልበታል፤ እግሩን ሰብስቦ መቀመጥ፣ መንበርከክ፣ ዕርፍ ጨብጦ በሬ መከተል ግን አይችልም።

ስለዚህ መሬታችንን ሌላ ሰው የእኩል ያርሰው ነበር። የሚደርሰን ግማሽ እህል ከሰኔ አያልፍም፤ ሐምሌና ነሐሴን ጎመን እየቀቀልን እንከርም ነበር። በአንዱ ክረምት አይከል የምትኖር የአባቴ አክስት፣ «አለሚቱን ስጡኝ፣ እኔ ዘንድ ትደግ» ብላ ላከችብን። አለሚቱ ታናሽ እህቴ ናት። ማደግ የተባለው ውኃ መቅዳትና እህል መፍጨት መሆኑን በቤታችን የማያውቅ አልነበረም። እናቴ «ጥምቀት ይለፍና» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲያ አለሚቱ ምግብ ሲቀርብ ትንሽ ጎረስ አድርጋ «ጠገብሁ» ማለት ጀመረች።

መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል፣ በጦርነት አካሉ ለተጎዳ አርበኛ መንግሥት መጦሪያ ይሰጣል የሚል ወሬ ከጎንደር መጣ። አባቴ መጀመሪያ አልወደደውም።

«ለአገሬ በሰጠሁት እግር ዋጋ ልጠይቅበት?» አለ።

እናቴ አለሚቱን አየት አደረገቻት። አባቴም ነጭ ልብሱን አሳጥቦ፣ አብሮት የዘመተ ሰው ለምስክርነት ይዞ፣ በቅሎ ተውሶ ወደ ጎንደር ወረደ። ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ ነበር፤ ባለሥልጣኑ በክብር እንደተቀበሉት፣ ምስክሩም እንደተሰማለት ነገረን። ጥቅምትን በዚያ ተስፋ ገፋነው፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር መልክተኛ የመጣ እየመሰለን እንወጣ ነበር። መልሱን ሊሰማ ሁለተኛ ሲሄድ ግን ጸሐፊው በር ላይ አቁሞ እንዲህ አለው፦ «አያ፣ እንዴት ነህ ቢባሉ ደህና ነኝ ብለዋል። ተቀመጥ ቢባሉ እቆማለሁ ብለዋል። እንደ ዘንግ ቆመውም ታይተዋል። ጤነኛ ነው ተብሎ ተዘግቷል።»

ይህን ሲነግረን እናቴ አጃ ትለቅም ነበር።

«በትርዎስ?» አለችው።

«ደጅ ትቼው ገባሁ። በትር ተደግፎ ጌታ ፊት ይቆማል?»

«ደህና ነኝ ማለትዎስ ምነው?»

«እንዴት ነህ በተባልሁ ቁጥር እግዚአብሔርን ልክሰስ?»

«እሱን ማን ክሰሱ አለዎ? ጉልበትዎን ይክሰሱ እንጂ።»

አባቴ ያደረገው ሁሉ ጨዋ ሰው የሚያደርገው ነው፤ እኔም ልጆቼን በዚያው ሥርዓት ላሳድግ ሞክሬአለሁ። ነገር ግን ትሕትና እውነቱን ከሸፈነ የሚጎዳው ትሑቱን ብቻ አይደለም፤ እቤት የቀረውንም ነው። ይህን ከመጻሕፍት አልተማርሁትም።

ኅዳር ላይ አዝመራው ሲገባ ይግባኝ ለማለት ሄድን። እናቴ «እኔም አለሁበት» ብላ ነጠላዋን አጣፋች፤ እኔ በቅሎዋን እየሳብሁ ተከተልሁ። ጎንደር አራዳ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ አቤት ባዩ ብዙ ነበር፤ ስንቃችን እስኪመናመን ደጅ ጠናን። እናቴ ሌላው ባለጉዳይ ምን ተብሎ እንደሚወጣ ፊቱን እያየች ለመገመት ትሞክር ነበር፤ አንዱ አንገቱን ደፍቶ በወጣ ቁጥር እጄን ታጠብቀዋለች። በመጨረሻ ተጠራን።

ባለሥልጣኑ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። አባቴን ቀና ብለው አይተው፣ «አሁንስ እንዴት ነህ?» አሉት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህ…»

«ጌታዬ፣ ተቀመጥ ይበሉት» አለች እናቴ።

ጸሐፊው ደነገጠ። «አንቺ ሴት፣ ባልሽ ቆሞ አንቺ ትናገሪያለሽ?»

«መቆሙን አይታችሁለታል። መቀመጡን ነው ያላያችሁት።»

ባለሥልጣኑ በእጃቸው ወንበር አሳዩት። አባቴ «እቆማለሁ ጌታዬ» አለ። «ተቀመጥ ብዬሃለሁ» ሲሉት፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ወረደ። የቀኝ እግሩ እንደ አግዳሚ ቀጥ ብሎ ወጣና ጫማው በባለሥልጣኑ ፊት ተደቀነ። በእኛ አገር ታላቅ ሰው ፊት እግር መዘርጋት ከስድብ ይቆጠራል። አባቴ በሁለት እጁ ሊስበው ታገለ፤ እምቢ ሲለው ጋቢውን ገፎ አለበሰው፤ ላቡ ጢሙን አርሶት ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፣ ንቀት አይደለም» አለ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

ባለሥልጣኑ ጎንበስ ብለው እግሩን አዩት። «ምነው ያኔ አልነገርኸኝ?»

«እንዴት ነህ አሉኝ እንጂ ምንህን ያምሃል አላሉኝም።»

ወደ ጸሐፊው ዘወር ብለው «የፊተኛው ይቅርና እንደገና ይጻፍለት፣ ለበላይም ይላክ» አሉ። እኛ ጉዳዩ ያለቀ መስሎን ነበር። አባቴ ግን ወገራ እስክንደርስ እናቴን አላናገራትም፤ እሷም አላባበለችውም።

ከበላይ የሚጠበቀው መልስ ገናን አሳለፈ፣ ጥምቀትንም አሳለፈ። የአባቴ አክስት «ጥምቀት ይለፍና» የተባለችውን ይዛ መጣች። አለሚቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሳታለቅስ፣ ከአክስቲቱ በቅሎ ኋላ ሆና ሄደች፤ እናቴ ምጣድ የጣደች መስላ ከጓዳ አልወጣችም። መጦሪያው ተፈቀደ የሚለው ቃል የደረሰን ሚያዝያ ውስጥ፣ ሜዳው ሁሉ ከደረቀ በኋላ ነው። አባቴ በዚያው ዕለት በቅሎ ለምኖ ወደ አይከል ተነሣ፤ ክረምቱ ሳይገባም እህቴን ይዟት ተመለሰ።

አለሚቱ ቤት ገብታ፣ ግድግዳ ተጠግታ፣ እጇን አጣጥፋ ቆመች። እናቴ «ተቀመጪ እንጂ ልጄ» ብትላት «እቆማለሁ» አለች። አባቴ በትሩን አንሥቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ዛሬ የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው። ልጆቼ ጥርሳቸውን ካመማቸው ጎረቤት እስኪሰማ ይናገራሉ፤ እንግዳ ፊትም እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። በእግራቸው እቆጣለሁ፤ በሕመማቸው ግን አልቆጣም፣ የሚያማቸውን ጨርሰው እስኪነግሩኝ አዳምጣለሁ። በአባቴ ቤት እንዲህ ያለ ወግ አልነበረም። እህቴ አሁን እሷም ሸምግላለች፤ ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ ከልጆቼ አንዱ ወንበር አስጠግቶ እጇን ይዞ እስኪያስቀምጣት ድረስ በሩ አጠገብ ትቆማለች።