ኦክ-ቡንና ዓሣ ያለቀበት መንደር

ኦክ-ቡን ከጦርነቱ ሸሽታ ከሰሜን ስትመጣ ሞሬጎል የሚባል መንደር አልነበረም፤ አሸዋና ነፋስ ብቻ። ከባሏ ከማን-ሾል ጋር ከወታደሮች ሰፈር በለቃቀሙት ጣውላ ጎጆ ቀለሱ። «እስኪያልፍ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት አገራችን እንገባለን» ይላት ነበር።

መንገዱ አልተከፈተም። ዓሣው ግን መጣ። የብርዱ ወራት በገባ ቁጥር ሚዮንግቴ የሚባለው ዓሣ ባሕሩን ይሞላዋል። ከሰሜን የተሰደደው ሁሉ ጀልባ እየሠራ ሰፈረ፤ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ መጠጥ ቤትም አልቀረ። እነ ኦክ-ቡንም ልጃቸውን ጂን-ግዩን ወለዱ። ኦክ-ቡን የዓሣ ሆድ የሚቀድዱት ሴቶች አለቃ ሆነች። እጇ በበረዶ ውሃ ቢደነዝዝም ምላሷ አይደነዝዝም።

«ሴቶች! ወሬው በምላስ፣ ዓሣው በቢላ! ደባልቃችሁ ጣታችሁን እንዳትጥሉት!»

ኋላ የከተማ ቢራ ቤቶች ጣት የምታክል ደረቅ ሚዮንግቴ ወደዱ። ጀልባው ሁሉ የመረቡን ቀዳዳ አጠበበ። በመንደሩ ስብሰባ ላይ ዝምተኛው ማን-ሾል ተነሣ።

«ይሄ እኮ ግልገሉ ነው። ዛሬ እሱን ከጨረስን ነገ ምን ልናጠምድ ነው?»

«ዘሩ ሌላ ነው! አያድግም!» ብለው ጮኹበት። ከሁሉ በላይ የተሰማው የሚስቱ ድምፅ ነበር።

«የጂን-ግዩ አባት፣ ለዓሣ አዝነህ ሴቶቼን ጦም ልታሳድራቸው ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማን-ሾል ተቀመጠ፤ ዳግመኛ በስብሰባ አልተናገረም።

ዓሣው ባንዴ አልጠፋም። መጀመሪያ ዘገየ፣ ቀጥሎ ሳሳ። ማን-ሾል እሱን ፍለጋ ወደ ሰሜኑ ድንበር እየራቀ ሄደ፤ አንድ ጥር ማዕበል ከነጀልባው ወሰደው። ሬሳውም አልተገኘ። ልጃቸው ጂን-ግዩ የፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ከተማ ገባ፤ እኩዮቹም ተከተሉት። ትምህርት ቤቱ ተቆለፈ። ኦክ-ቡን የምታዛቸው ሴቶች አንድ በአንድ አለቁ።

አሁን ወረዳው በየዓመቱ የሚዮንግቴ በዓል ያዘጋጃል። ዓሣው ከሩሲያ በረዶ ሆኖ ይመጣል። ኦክ-ቡንን ንጹህ ሽርጥ አልብሰው ሕዝብ ፊት የዓሣ ሆድ ያስቀድዷታል።

ዘንድሮ አንዲት ወጣት ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ ከዚሁ ባሕር የወጣ ነው አይደል?» አለቻት።

የበዓሉ አስተናባሪ ከኋላዋ ቆሟል። አሮጊቷ ቀና አላለችም።

«አዎ ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው።»

ልጅቷ ፎቶ አንስታ ሄደች። ኦክ-ቡን በረዶው ገና ካልቀለጠው ክምር ሌላ ዓሣ በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቃ አወጣች።