ልቡ እየመታ ሲሰፉት የደበቅነው ጾም

የምትጽፈው ልጄ አስቴር ናት፤ ቃሉ ግን የኔ የቡሬው ገበሬ ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ ላይ፣ የታናሽ ወንድሜን የአለሙን የተደፈነ የልብ ደም ሥር፣ ልቡን ሳያቆሙ እየመታ ሊሰፉለት ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቡት። ብዙም ሳይቆይ ነርሷ ሮጣ ወጣች።

«አባባ፣ ለመስፋት ልቡን ቀና ባደረጉት ቁጥር የደም ግፊቱ ይወርዳል። የደበቃችሁን ነገር አለ?»

አለሙ ለሐኪሞቹ «ጾሙን ትቻለሁ» ብሏቸዋል። ለኔ ግን «ሁዳዴን ገድፌ ከምሞት ጾሜን ይዤ ልሙት፤ እንዳትናገር» ብሎ አስምሎኛል። ሰሞኑን ማታ ከሚቀምሳት ጥቂት በቀር ውኃ እንኳ አልነካም።

ቀበሌ ወሬ እንድናቀብል አንድ ለአምስት ሲያደራጀን እንኳ ከኔ አፍ ወሬ የወሰደ የለም። ዛሬ ግን መሐላዬን አፈረስሁ።

«ጾመኛ ነው ልጄ፤ ውኃ አልጠጣም» አልኋት።

ነርሷ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ልቡን ወደ ቦታው መልሰው፣ አልጋውን ከራስጌው ዝቅ ከግርጌው ከፍ አድርገው ፈሳሽ ሰጡት። ግፊቱ ሲመለስ ስፌቱን ቀጠሉ። አሁን ወጥቷል፤ ደኅና ነው ተባልን።

ሲነቃ ሊቀየመኝ ነው። ይቀየመኝ፤ ቆሞ የሚቀየመኝ ወንድም ይሻለኛል።

እናንተስ ለሐኪም የደበቃችሁት የለም? ጻፉልኝ።

በይ አስቴር፣ አንብቢልኝ፤ አንዲት ቃል እንዳታሳምሪ።