በደሜ ውስጥ የደከሙት ሽማግሌዎች

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! አቤት ዛሬ! መጋቢያችን "አጠር አድርገው" ብለውኛል። እሞክራለሁ፣ ግን አፌን ስከፍት ደስታው ቀድሞኝ ይወጣል፣ ምን ላድርግ? ጌታ በእነዚህ እጆቼ ያደረገውን ሳልናገር ቤቴ ብገባ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሃሌሉያ በሉ እንጂ!

ታደሰ ነኝ፣ የከብት ደላላው። እዚሁ ከሚሴ ተወልጄ፣ እሁድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሰንበቴ ገበያ እሁድ ስለሆነ ይህን አዳራሽ የማውቀው ከውጭ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ፀሐይ እዚህ ስትዘምር እኔ እዚያ በሬ አሻሽጣለሁ። "ታዴ፣ አንድ እሁድ እንኳ ለጌታ ስጠው" ስትለኝ፣ "ጌታ በሬ አይገዛኝም" እላት ነበር። አያችሁልኝ አፌን!

የደላላ ሀብቱ እጁ ነው። የሻጩን እጅ በአንዱ፣ የገዢውን በሌላው ይዤ፣ አንዱን ስጎትት ሌላውን ሳባብል ቆይቼ በመጨረሻ ሁለቱን አጨባብጣለሁ። ያኔ ዋጋው ተቆረጠ ማለት ነው። እንግዲህ የታመመብኝ ይኸው እጄ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ተገትረው አልታጠፍ አሉኝ። ቀጥሎ አንጓቸው አበጠ። አንድ ቀን ባቲ ላይ አንድ የአፋር ግመል ሻጭ ለሰላምታ ጨበጥ ቢያደርገኝ ገበያው መሃል ጮህኩ! ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እጄን በፎጣ ሸፍኜ ነበር የምሄደው። ሸሚዜን እንኳ የምትቆልፍልኝ ፀሐይ ነበረች። እጁ የማይሠራ ደላላ ልጆቹን በምን ያበላል? ይህን እያሰብኩ አለቅስ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

ፀሐይ የጸሎት ቡድኑን ቤት ድረስ አመጣችብኝ። እህት ብርቄን ታውቋታላችሁ፣ ያቻትና እየሳቀች ነው፤ ስትጸልይ ቆርቆሮው ይነቃነቃል። "ጌታ ሆይ! በዚህ ሰው ደም ውስጥ ሠራዊት ጨምር! ተዋጊ ጨምር! እሳት ይውረድ!" እኔ ባላምንም አሜን አልኩ፤ የታመመ ሰው ምን ያከራክረዋል? በበኩሌም ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ የሽፈራው ቅጠሉን፣ "በሽታ የመከላከል አቅም ይጨምራል" የተባለውን ሁሉ ስውጥ ከረምኩ። እጄ ግን ባሰበት።

በመጨረሻ የሥራ ጓደኛዬ አያ ሁሴን መጣ፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ደላላ ነው። "አካም ቡልቴ፣ ታዴ?" አለኝ። እንዴት እንዳደርኩ ሳልመልስለት እጄን አየና "ኧረ ወላሂ፣ እንዲህ ሆነህማ አትቀመጥም! ተነስ፣ ደሴ እንሂድ" ብሎ ሚኒባስ ውስጥ ከተተኝ።

ደሴ ሆስፒታል ያየችኝ ዶክተር ወጣት ነች። የደም ምርመራዬን አይታ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳስሳ፣ "አቅም አላነሰዎትም። የራስዎ ወታደሮች የራስዎን መገጣጠሚያ እየወጉት ነው" አለችኝ። በደማችን ውስጥ ረዳት ቲ ሴል የሚባሉ አሉ አለች። እንደ ጠላቱ ዓይነት ራሳቸውን እየለዋወጡ፣ ለቫይረስ አንድ መልክ፣ ለትል ሌላ መልክ ይዘው፣ የቀረውን ሴል ለውጊያ የሚጠሩ እነሱ ናቸው። "የእርስዎዎቹ ግን የገዛ ቤታቸውን ጠላት ነው ብለው ነው የሚጣሩት።"

አያ ሁሴን አላስቻለውም። "የኔ ልጅ፣ እዚያ ውስጥ ሽማግሌ የለም እንዴ? ሲጋደሉ ዝም ተብሎ ይታያል?"

ዶክተሯ ሳቀች። "አሉ እንጂ አባባ! ተቆጣጣሪ ቲ ሴል ይባላሉ። ሥራቸው 'በቃ፣ ይሄ የራሳችን ነው' ብሎ ጠቡን ማብረድ ነው። ጠቡ ሲበረታና ሲቆይ ግን ይደክማሉ፤ አንዳንዶቹም ጠባያቸውን ለውጠው ከተዋጊው ጋር ይሰለፋሉ። አሁን የማዘው ኪኒን ተዋጊውን ጋብ ሲያደርግላቸው ፋታ ያገኛሉ።"

ወገኖቼ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ሳቄ አመለጠኝ! ለካ ሠራዊት ተርፎኝ ነው "ሠራዊት ጨምር" ስንል የከረምነው! ጌታ ይባረክ፣ ያንን ጸሎት እንዳለ አልመለሰልንም!

ስንመለስ ግን፣ ሐርቡ ጋ ስንደርስ፣ ሳቄ እንባ ሆነ። ጌታ እኔ ሳልለምነው፣ ገና በእናቴ ሆድ ሳለሁ፣ በደሜ ውስጥ አስታራቂ አስቀምጦልኛል። በእሱና በእኔ መካከል ያቆመውን አስታራቂ ግን እሁድ እሁድ ጥዬው እሄዳለሁ! ክርስቶስ አንድ እጁን ወደ አባቱ፣ አንዱን ወደ እኔ ዘርግቶ ቆሟል፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳፋሪው እየሰማኝ "እሺ ጌታዬ፣ እሺ" አልኩ። አያ ሁሴን ደንግጦ "ምን ሆንክ?" አለኝ። "ታረቅሁ" አልኩት። "አልሐምዱሊላህ" አለ። ከማን ጋር ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም።

በሚቀጥለው እሁድ ሰንበቴን ትቼ እዚህ መጣሁ። ዶክተሯ ያለችኝን ስነግራት እህት ብርቄ ራሷን ይዛ "ወይኔ!" አለች። ከዚያ ተንበርክካ፣ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ "ጌታ ሆይ፣ በታደሰ ደም ውስጥ ያሉትን ሽማግሌዎች አበርታቸው። ሰላም አውርድ" ብላ ጸለየች። ኪኒኑን እየዋጥኩ፣ አብረን እየጸለይን፣ እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ። ሃሌሉያ! አንድ ጠዋት ሸሚዜን ራሴ ስቆልፍ ፀሐይ አየችኝና እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ሰርግ መስሎት ወጣ! ዶክተሯም "በጣም ደስ ይላል፣ ኪኒኑን ግን እንዳያቋርጡ" አለችኝ። አላቋረጥኩም። ጌታ በኪኒንም ይሠራል፣ ማንም እንዳያሳስታችሁ።

ባለፈው ሰኞ ባቲ ነበርኩ። ያው የአፋር ግመል ሻጭ ከአንድ የኮምቦልቻ ገዢ ጋር በዋጋ ተጣልተው ዱላ ሊማዘዙ ደረሱ። ፎጣዬን ወርውሬ መሃላቸው ገባሁ። አባበልኩ፣ ለመንኩ፣ እጆቻቸውን አጨባበጥኩ፤ ከላይ የራሴን ጭኜ ጭምቅ አደረግሁት። ግመል ሻጩ ጮኸ! ቅዱሳን፣ በዚህኛው ቀን የጮኸው እሱ ነው! ክብር ለጌታ ይሁን!

ዛሬም እሁድ ነው፣ ሰንበቴ ገበያው ደርቷል፤ እኔ ግን እዚህ ነኝ። ከቤትህ፣ ከራስህ፣ ከፈጣሪህ የተጣላህ ወንድሜ፣ የተጣላሽ እህቴ፣ አስታራቂው እጁን እንደዘረጋ ነውና የእናንተን አትሸፍኑበት። ስትወጡ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። አዝናችሁልኝ የጣቴን ጫፍ ብቻ ነክታችሁ እንዳታልፉ። አጥብቃችሁ ጨብጡኝ!