ሳይጠየቅ የተቀደደ ነጠላ

ቆቦ ውስጥ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጠው ይርጋ ከመዶሻው ሌላ አንድ ሙያ ነበረው፤ ሰው እንዳይፈራው ማድረግ። ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው በሚባልበት አገር ደንበኛ በማጭድ ስለት ብቻ አይገኝም። ስለዚህ ሰው ሲበላ ፊቱን ወደ ወናፉ ያዞራል። ገበያ ሲወጣ ከወተት ሻጮች ርቆ ይዘረጋል። የሰው ከብት ካደነቀ፣ ለክርስቲያኑ «እግዜር ይጠብቀው»፣ ለሙስሊሙ «ማሻ አላህ» ማለትን አይዘነጋም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የነጠላው ዘዴ ነው። ልጅ ወይም ከብት ታሞ ይርጋ ሲጠረጠር፣ መድኃኒቱ ከልብሱ በተቀደደ ጨርቅ ማጠን ነው። የታመመበት ሰው አቀርቅሮ ይመጣል። ይርጋ አይቆጣም። እሱ እንደሌለበት፣ ለሰውየው ልብ ማረፊያ ብቻ እንደሚሰጥ ተናግሮ ከነጠላው ጫፍ ይቀድለታል። አብዛኛው በሽተኛ በራሱ ጊዜ ይድናል፤ ያኔ ጠርጣሪው ያፍራል። ያፈረ ሰው ደግሞ ማጭድ ከሌላ አይገዛም። ሚስቱ ሸዋዬ በየዓመቱ ለአንድ ትርፍ ነጠላ ጥጥ የምትፈትለው ለዚሁ ነበር።

ደርግ መጣና ባለሙያን «ቡዳ» ብሎ መስደብ ተከለከለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጌታሁን፣ ይርጋን በሠራተኞች ቀን መዶሻ አስይዞ ከሰልፉ ፊት አቆመው። «ብረት ቀጥቃጭ የአብዮቱ ክንድ ነው» የሚል ሰሌዳም በሩ ላይ ሰቀለለት። ይርጋ ቀና ማለት ጀመረ። አንድ ቀን የሮቢቱ ገበሬ ሰላሁዲን ማረሻ ሊያሠራ መጥቶ በሬውን ደጅ ሲያስር፣ ይርጋ «እንዴት ያለ በሬ ነው!» አለ። ማሻ አላህን ረሳው።

በማግሥቱ በሬው ታሞ ተኛ። ሰላሁዲን ግን ጨርቅ ሊለምን አልመጣም። ጨርቅ መለመን ሰውየውን «ቡዳ» ብሎ መስደብ ነው፤ «ቡዳ» ብሎ መስደብ ደግሞ ያሳስራል። ገበያተኛውም ዝም አለ፤ ዝም ብሎ የአጨዳውን ማጭድ ከዋጃ ገበያ ይገዛ ጀመር። የይርጋ ቤት የዓመት ቀለብ የሚገኘው ከአጨዳው ሰሞን ሽያጭ ነው።

ይርጋ ጨነቀውና ነጠላውን በገዛ እጁ ቀደደ።

«አልጠየቀህም እኮ፤ ተወው» አለች ሸዋዬ።

«በሬው ከሞተ ማን ማጭዴን ይነካል?»

ሮቢት ድረስ ሲወስድለት፣ ሰላሁዲን ጨርቁን በእንጨት ጫፍ ተቀበለው። በሬው ታጠነ፤ ሰንብቶም ሣር ነጨ። ወሬው ግን ቀድሞ ቆቦ ገብቶ ነበር። ሲለመን የሰጠው ጨርቅ ደግነት ነበር፤ ሳይለመን የወሰደው የቡዳነት ኑዛዜ ሆነበት።

ማሽላው በዋጃ ማጭድ ታጨደ። ጌታሁን መጥቶ፣ የሰደበው ካለ ስሙን እንዲነግረው ጠየቀው።

ይርጋ ከሰሌዳው ሥር ሳይሸጡ የተደረደሩትን ማጭዶች አየ።

«ማንም አልሰደበኝም» አለ።

ጌታሁን ደስ ብሎት ሄደ።