ፖስተኛ ሊሆን ነው ተብዬ

አዳማ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ዝምታ የበዛበት ሥራ ነው፤ የሚመጣው ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ስለሚቀመጥ ወሬ አይመቸውም። ፖስትካርድ መሰብሰብ የጀመርኩትም እንዲሁ አፏን ከፍታ በተቀመጠች አንዲት ሴት ምክንያት ነው። ላንጋኖ ልትዝናና የመጣች የውጭ አገር ሰው ነበረች። ቆሎ ልቅመስ ብላ የተተከለላት ጥርስ ተሰበረባትና የሆቴሉ ሹፌር እየበረረ እኔ ዘንድ አመጣት። አስተካከልኩላት። ልትሄድ ስትል አድራሻዬን ጠየቀችኝ። ክሊኒካችን የራሱ ፖስታ ሣጥን ስለሌለው የአማቴን ቁጥር ሰጠኋት፤ እውነት ትጽፋለች ብዬ አይደለም፣ ጥያቄዋን ላለማሳፈር ነው።

ጻፈች። ካርዱ ላይ ሰማያዊ ቆብ ያደረገ ሰው ብስክሌቱን አቁሞ፣ በራፏ ላይ ለቆመች አሮጊት ደብዳቤ ሲያቀብል ይታያል። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። እኔ ግን እየደጋገምኩ አየሁት። እኛ ዘንድ ደብዳቤ ወደ ሰው አይመጣም፤ ሰው ነው ቁልፉን ይዞ ወደ ደብዳቤው የሚሄደው። በር አንኳኩቶ "ይኸው፣ ልጅዎ ጽፎልዎታል" ለማለት ደመወዝ የሚከፈለው ሰው መኖሩ ሲያስደንቀኝ ሰነበተ።

ሴትየዋ የዓለም ሰው ፖስትካርድ የሚለዋወጥበት ድረ ገጽ እንዳለ ከካርዱ ጀርባ ጽፋልኝ ስለነበር ተመዘገብኩ። ምን ዓይነት ሥዕል ይወዳሉ የሚል ጥያቄ አለው። ፖስተኛ፣ ፖስታ ቤት፣ ፖስታ ሣጥንና ቴምብር ብዬ ሞላሁ፤ ሌላ ነገር አልፈልግም። ያልኩትን ብቻ ይልኩልኝ ጀመር። በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ የሚያድል ፖስተኛ መጣ። በበቅሎ ገደል የሚወርድ መጣ። ደብዳቤ የሚጠብቅ ውሻ፣ ከፖስተኛው እግር ሥር የተኛ ድመት፣ ባሕር ውስጥ የተተከለና ዋናተኞች እየጠለቁ ደብዳቤ የሚከቱበት ሣጥን መጣ። አንዳንዱማ ቴምብሩ ላይ ያለው ሥዕልና ካርዱ ላይ ያለው ሥዕል አንድ ዓይነት እንዲሆን ተጨንቆ አፈላልጎ የላከ ነው። ይህን ያህል ለማያውቀው ሰው የሚጨነቅ ሰው አለ ብዬ አስቤም አላውቅ።

መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው። ባለቤቴ መጀመሪያ ታገሰችኝ። ቆይታ ግን ልብሷን ስትቀይር ይህ ሁሉ ቆብ ያደረገ ወንድ እያየባት መቸገሯን ነገረችኝ፤ ወደ ሳሎን አዛወርኳቸው።

አሁን ስለ አማቴ ልናገር። ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ቤተሰባቸው ከወሎ የመጣ ነው፤ እሳቸው ግን እዚሁ አዳማ አድገው ዕድሜያቸውን ከአዳማ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ላይ ጨርሰውታል፤ መጀመሪያ በሹፌርነት፣ ኋላ በባለንብረትነት። መኪናዎቹን ልጆቻቸው ሲረከቧቸው ለሳቸው የቀረችው ሥራ ፖስታ ሣጥኑን መክፈት ብቻ ሆነች። ጠዋት ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ባጃጁን ሁሉ በእጃቸው እያባረሩ፣ በእግራቸው ይሄዳሉ። ሣጥኑ ውስጥ ከኔ ካርድ በቀር ምንም አይመጣም ነበር። ካርዱን አምጥተው ሲሰጡኝ ሥዕሉን አንዴ፣ እኔን አንዴ አይተው ይሄዳሉ።

ከዚያ ካርዱ ቆመ። ከየአገሩ ሰዎች ደረሰህ ወይ እያሉ በድረ ገጹ ይጠይቁኛል፤ አልደረሰኝም። ክረምቱን ወቀስኩ፣ አውሮፕላኑን ወቀስኩ። ባለቤቴ አንገቷን ደፍታ ሽንኩርቷን ትከትፋለች። አንገት መድፋቷ ትንሽ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባቷ ቤት እንደምንፈለግ ነገረችኝ። ስገባ ሽማግሌዎች ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው የለቅሶ ቤት ፊት ነው። ማን ሞተ ብዬ ልጠይቅ ስል ጠረጴዛው ላይ ዓይኔ አረፈ። የጠፉት ካርዶቼ በሙሉ፣ ፖስተኞቹ ሁሉ፣ እንደተማረከ ጦር ተደርድረዋል።

አንደኛው ሽማግሌ ነገሩን ከሩቅ ጀመሩት። ስለ ትዳር ክቡርነት ተናገሩ፤ በበረሃና በባሕር ስላለቀው ወጣት ተናገሩ፤ በእጁ ሙያ ያለው ሰው በአገሩ ንጉሥ መሆኑን ተናገሩ። እኔ ስለ ማን እንደሚወራ ስላላወቅኩ ለሁሉም ራሴን እነቀንቃለሁ። "አንተም ልጃችን" ሲሉ ነው መነቅነቄን ያቆምኩት።

ሐጂ እስከዚያ ድረስ መቁጠሪያቸውን ነበር የሚያዩት። ቀና አሉ።

"ፖስተኛ ለመሆን ነው ልጄን ጥለህ የምትሄደው?" አሉኝ።

እንደምንም ብዬ ሳቄን ዋጥኩት፤ ባለቤቴ ግን ሻርፗን አፏ ውስጥ ከትታ ወደ ጓዳ ሮጠች። ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠልኝ። ሐጂ በየሳምንቱ ከውጭ አገር ፖስተኛ ሲመጣልኝ አይተው ብዙ አስበዋል። ሰው ቤት ሲፈልግ የቤት ፎቶ ይላክለታል፤ መኪና ሲፈልግ የመኪና። ለዚህ ሰው የሚላክለት ፖስተኛ ነው፤ ስለዚህ የሚፈልገው ፖስተኝነት ነው። ጥርጣሬው ሲብስባቸው አንዱን ካርድ እንግሊዝኛ ለሚችል ወዳጃቸው አስነበቡት። እንዳጋጣሚ ያ ካርድ ከአንዲት የበረዶ አገር ሴትዮ የመጣ ነበር። "እዚህ ፖስተኛ ጠፍቶብናል፤ ብርዱን ፈርቶ ሰው ሁሉ እምቢ አለ። አንተ ብትመጣ ይቀጥሩህ ነበር" ብላ ቀልዳብኛለች። ሐጂ ለቀልድ አልወሰዱትም። ልጃቸውን ጠርተው ባልሽ ሊሄድ ነው ወይ ሲሏት፣ እሷ ደግሞ፣ አላህ ይይላት፣ "ከፈለገ ይሂድ፣ ግድግዳዬ ነጻ ይወጣል" ብላቸዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርዶቹን ሶፋቸው ሥር ይከቷቸው ነበር።

ሰብስቤ ለማየት ብቻ ነው የምፈልጋቸው ብዬ አስረዳሁ። ማንም አላመነኝም። ጎልማሳ፣ ሥራ ያለው፣ ጤነኛ ሰው የማያውቀውን ፖስተኛ ፎቶ ምን ያደርግለታል? እውነት ለመናገር ጥያቄው ከበድ ያለ ነው።

ከዚህ ጣጣ ያወጡኝ በሻሸመኔው መንገድ ላይ ካለችው ቡልቡላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የሐጂ የድሮ ወዳጅ ናቸው፤ ቲማቲምና ሽንኩርት ያለማሉ፣ አማርኛቸውን በኦሮምኛ እያዋዙ ነው የሚናገሩት። ዘግይተው ገብተው "አካም ጅርታ" እያሉ ሁሉንም በየተራ ሰላም ካሉ በኋላ፣ ክሱን ከማዳመጥ ካርዶቹን ማየት መርጠው ነበር። አንድ በአንድ አነሷቸው። በቅሎዋን አይተው ሸክሙ ወደ ግራ ማዘንበሉን ተናገሩ። የባሕሩ ሣጥን ላይ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ።

"ይሄ የት ነው?" አሉኝ።

"ባሕር ውስጥ ነው አባቴ። ደብዳቤ ይከቱበታል።"

"ዓሣው ነው የሚጽፈው?"

ለቅሶ ቤቱ ፈረሰ። ሲስቁ ቆይተው ካርዶቹን እየተሻሙ ያዩ ጀመር፤ እኒያ ነገሩን ከሩቅ የጀመሩት ሽማግሌ ራሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው ድመቷን ፈለጉ። የቡልቡላው ሰው ግን የሚሉትን አልጨረሱም ነበር። ካርዱን አስቀምጠው ወደ ሐጂ ዞሩ።

"አንተስ ምን ሆነህ ነው ፖስተኛን የምትንቀው? የኔን ደብዳቤ ስታመላልስ የኖርከው አንተ አይደለህም?"

ይህን እኔም ባለቤቴም አናውቅም ነበር። ሐጂ ሎንቺና አውቶቡስ በሚነዱበት ዘመን የመንገዱ ሰው ሁሉ ደብዳቤውን የሚልከው በሳቸው እጅ ኖሯል። ዝዋይ ላይ ይቀበላሉ፣ ቡልቡላ ላይ ይሰጣሉ፤ ኩየራ ሚስዮን ትምህርት ቤት ለሚማሩት ልጆች ከእናቶቻቸው የተላከውን ወንበር ሥር ሳይሆን ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ሰክተው ያደርሳሉ። ስም ያልተጻፈበትም ነበር፤ "ለዚያ ለረጅሙ ልጅ" ብለው ይሰጧቸዋል፣ እሳቸውም ረጅሙን ልጅ ፈልገው ያገኙታል። ሽማግሌው ይህን ሲተርኩ ሐጂ ኮፍያቸውን አውልቀው አጣጥፈው፣ ዘርግተው፣ መልሰው አደረጉት። ሽምግልናው በዚሁ ተበተነ። ስወጣ ሐጂ በር ላይ ያዙኝና ካርድ ለሚልኩልኝ ሰዎች እኔ በምላሹ ምን እንደምልክ ጠየቁኝ። ላንጋኖ ሆቴሎቹ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠውን፣ የወፍና የሐይቅ ሥዕል ያለበትን ነው አልኳቸው።

"ሰዎቹ ፖስተኛቸውን ልከውልህ አንተ ወፍ ትልካለህ?" አሉኝ። እውነትም አፈርኩ።

የራሳችንን ካርድ ለማሠራት የወሰንነው ያኔ ነው። የሰርግ ፎቶ የሚያነሳ ወዳጅ አለኝ፤ እሱን ይዘን ወደ ቡልቡላ ሄድን። ሎንቺናው ከተሸጠ ብዙ ዘመን ስለሆነው በልጃቸው አይሱዙ ነበር የሄድነው። ሐጂ ለኢድ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል፤ መንገዱን ሁሉ መስተዋት እያዩ፣ መስኮት አትክፈቱ፣ አቧራ ይገባል ይሉናል። ቡልቡላ አስፋልቱ ዳር መኪናውን አቆምንና ወዳጃቸው ደብዳቤ ተቀባይ፣ እሳቸው ደብዳቤ አቀባይ ሆነው ቆሙ። ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሴትዮ መኪናው ሻሸመኔ የሚሄድ መስሏት ከነዶሮዋ ተሳፈረች፤ እስክናስወርዳት ፀሐዩ ከረረ።

ፎቶ አንሺው ሐጂን ፈገግ ይበሉ ይላቸዋል፤ ሐጂ ካሜራ ፊት ፈገግ ማለት አያውቁም። ሙሽራዎችን እንደሚለምን ቢለምናቸው እንደ መታወቂያ ፎቶ ደርቀው ቆሙ። በመጨረሻ የቡልቡላው ሰው ፖስታውን ሲቀበሉ በለሆሳስ "የዚህ መልስ እኮ ዘግይቷል፤ ያቺን ልጅ ሌላ አገባት" አሏቸው። ሐጂ ሳይዘጋጁ ከልባቸው ሳቁ። ሲስቁ የላይኛው ጥርሳቸው ወረደ። ያንን ጥርስ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት አስፋልት ዳር ሥራዬ ሲወድቅ ቆሜ አየሁ። ሐጂ ፈጥነው አፋቸውን በመዳፋቸው ሲከድኑ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ተጫነው። ዓይናቸው በሳቅ እንባ ሞልቷል፣ አንድ እጃቸው አፋቸው ላይ፣ ሌላው ደብዳቤ ዘርግቷል። ከዚያ ወዲህ የተነሱት ሁሉ ከዚህኛው ጋር ሲተያዩ የሬሳ ይመስሉ ነበር፤ ይኸኛው ይታተም ተባለ።

ማተሚያ ቤቱ ደግሞ የለመደው የሰርግና የበዓል ካርድ ነው። ሳናዝዘው ዙሪያውን በጽጌረዳ አበባ ከቦ፣ ከላይ በወርቃማ ቀለም "መልካም በዓል" ብሎ ጽፎ፣ በነጻ ነው የጨመርኩላችሁ ብሎ አስረከበኝ። ሐጂ አበባውን ወደዱት። ስለ ጥርሱ እንዳይነሳ ብዬ እኔም ወደድኩት አልኩ። ጥርሱንማ ፎቶ በተነሱ ማግሥት አጥብቄላቸው ነበር።

ካርዱን በየአገሩ በተንኩት። መልሱ ያልጠበቅነው ነበር። ሰዎቹ የሚጽፉት ለኔ መሆኑ ቀረ፤ አድራሻው ላይ "ለፖስተኛው" እያሉ ይልኩ ጀመር። ብዙዎቹ ያ እጅ አፍ ላይ ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። አንዷ፣ በአገራችሁ ፖስተኛ የሰው ምስጢር እንዳያወጣ ማስጠንቀቂያ ምልክት ነው ወይ ብላ ጻፈች። ሐጂ ይህን ሳነብላቸው ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም፤ "አዎ በላት" አሉኝ።

አሁን ጠዋት ሣጥኑን ከፍተው በቀጥታ ክሊኒክ ይመጣሉ፤ በሽተኛ አፉን ከፍቶ እያለ ከጎኑ ተቀምጠው መልስ ያጽፉኛል። ካርድ ጠባብ መሆኑን ሊረዱልኝ አልቻሉም። የሰውየውን ጤና ጠይቀው፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ የዘንድሮውን ዝናብ ጠይቀው ሳይጨርሱ ቦታው ያልቃል።

በቅርቡ ከአንድ ደሴት አንድ ጡረታ የወጡ እውነተኛ ፖስተኛ ጻፉላቸው። በሥራ ዘመናቸው ውሾች ብዙ ጊዜ እንደነከሷቸው ነግረው፣ እርስዎንስ ነክሶዎት ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁ። ሐጂ ጥያቄውን በጣም አከበሩት። ሲያስቡ አድረው መጡና ውሻ እንዳልነከሳቸው፣ ነገር ግን ላንጋኖ መገንጠያ ላይ አንዲት ጦጣ በመስኮት ገብታ የኩየራን ተማሪ ደብዳቤ ነጥቃ ዛፍ እንደወጣች አጻፉኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ በሙዝ ለመናት። ስትወረውረው ግማሹን በልታው ነበር። ሐጂ የተረፈውን ይዘው ለተማሪው ሰጡት፤ ልጁ አንብቦ ሲጨርስ የተበላው ምን ይል እንደነበር ጠየቃቸው። "እናትህ ናት የጻፈችው፤ አጥና ነው የሚለው" አሉት።

ታሪኩ አንድ ካርድ ላይ አልበቃ ስላለ በሁለት ካርድ ከፍዬ በአንድ ቀን ላክሁት። ባለፈው ሳምንት የደሴቱ ሰውዬ መልስ መጣ። የደረሳቸው ሁለተኛው ካርድ ብቻ ነው። "ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ በሙዝ ለመናት" ብሎ ነው የሚጀምረው። በአክብሮት፣ እሷ ማን እንደሆነችና ተሳፋሪው ሁሉ ምን ፈልጎ እንደለመናት እንድንነግራቸው ይጠይቃሉ፤ ባለቤታቸውም መስማት ትፈልጋለች።

ሌላ ካርድ ልጽፍላቸው ብዕር ሳነሳ ሐጂ እጄን ያዙኝ። "የመጀመሪያው መንገድ ላይ ነው" አሉ። "ትንሽ ይጠብቁ። ፖስተኛ ናቸው፣ ይገባቸዋል።"