ባለቤቱ የጨረሰው ግጥም

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ አመነታሁ። መምህራችን «በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉ» ሲሉን የክፍል ጓደኞቼ ስለ ጦር ሜዳና ስለ ታላላቅ ሰዎች መጻፍ ጀመሩ። እኔ ያየሁት አንድ ማሲንቆ መቺ፣ አንድ እህል ነጋዴና ሁለት ስንኝ ግጥም ብቻ ነው። አዝማሪን ሰው ለድግሱ ይጠራዋል እንጂ ታሪኩን ልጻፍለት የሚል የለም። ሆኖም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ብሆንም በዕድሜ ከክፍሉ ትልቋ እኔ ነኝ፤ ነገሩ ሲሆንም እዚያው ቆሜ ነበር። ስም አልጠራም። የአባቴን ስም የሚያውቁ ያውቁታል፤ የነጋዴውን ስም በወረቀት ላይ ማኖር ግን እንደ ማክበር ስለሚሆንብኝ አልጽፈውም።

አባቴ ማሲንቆ መቺ፣ እናቴ ጠጅ ጣይ ነበሩ። ቤታችን መተማ ገበያ ዳር፣ ጀላባ የምንላቸው የሱዳን ነጋዴዎች ግመላቸውን ከሚያንበረክኩበት ሜዳ አጠገብ ነበር። እኔ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ እቀበለው ነበር። በጥር ኮኪት ወርደን ሰርግ እናጫውታለን፤ ሰሊጥ ሲታጨድ ሽንፋ ሄደን ከደጋ ለመጡት አጫጆች እንዘፍናለን፤ በቀረው ጊዜ ደግሞ በእናቴ ጠጅ ቤት እንሠራለን።

የአባቴን ሥራ ለማያውቅ አንድ ነገር ላስረዳ። ጠጪው ግጥም ሲመጣለት «ተቀበል» ብሎ ለአዝማሪው ይሰጠዋል። አዝማሪው የተሰጠውን መመለስ አይችልም፤ ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ግጥሙ የሰጪው ነው፣ ድምፁ የአዝማሪው ነው። አባቴ ሰጪውን ለማክበር የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፍኖ ማሲንቆውን ጸጥ ያደርግ ነበር። ያን ጊዜ የግጥሙ ባለቤት ከተቀመጠበት ሆኖ ሁለተኛውን ስንኝ ይጨርሳል፤ ቤቱ ሁሉ ዞሮ ያየዋል፤ ግጥሙ የማን እንደ ሆነ በዚያ ይታወቃል።

ያ ሰው ለጣልያን ምሽግ ማሽላ የሚያቀርብ ነጋዴ ነበር። ግጥም መስጠት ይወድ ነበር፤ ይችልበትም ነበር፣ ይህን አልክድም። ስንኙን ጨርሶ ሲያበቃ ማን ፈገግ እንዳለ ለማየት አንገቱን ያዞራል። ግጥሙ ስሙ ሳይነሳ ሌላ ቦታ ተዘፈነ ሲባል ደግሞ አዝማሪውን ፈልጎ «የእኔ መሆኑን ተናግረሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አንድ ሰው የተሰረቀ በሬውን የሚፈልገውን ያህል ይህ ሰው የተሰረቀ ስንኙን ይፈልግ ነበር። ቤታችንን ለእህል ማከማቻ ስለፈለገው እናቴን ሽጪልኝ እያለ ደጋግሞ ለመናት። እናቴ ጠጅ እየቀዳችለት «ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው፤ እስከዚያ ጠጣ» አለችው። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ወደ ጎንደር የሚሄደውን መንገድ አሠርቶ መኪናው በኮኪት በኩል ማለፍ ከጀመረ በኋላ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ቤት ውስጥ የነበሩት አማርኛ የማይሰሙ ጥቂት ጀላባዎች ብቻ ናቸው፤ እናቴ ጓሮ ጋን ታጥናለች። ሰውዬው ገባና እንደ ልማዱ መሃል ሳይቀመጥ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ በዝግታ «ተቀበል» አለና ሰጠው፦

መንገድ ሠራሁ ይላል ባሕር አቋርጦ፣
ሊመለስበት ነው አንድ ቀን ሮጦ።

ከአባቴ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀምጠን ስለነበር እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። አባቴ የማሲንቆውን ደጋን ያዝ አድርጎ ይህስ ይከብዳል አለው። ሰውዬው አዝማሪ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚመልሰው ብሎ ጠየቀው። ቀጥሎም ጉሮሮውን በእጁ እየነካ ዛሬ ድምፄ ተዘግቷል፣ ሁለተኛውንም አንተው ጨርሰው አለው። አባቴ ጨረሰው። ድምፁ ሜዳውን አልፎ የሚሰማ ነበር። ዜማውን ሳይደግመው ባንዶቹ ገቡ፤ ከበሩ ውጪ ቆመው ሲጠብቁ ነበር።

በማግስቱ ገበያተኛውን ሁሉ ገበያው መሃል ካለው ዛፍ ሥር ሰበሰቡት። የጣልያኑ መኮንን ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው አጠገቡ ቆሟል። ነጋዴው ቀርቦ ማለ። አዝማሪው ግጥሙን ከራሱ አውጥቶ ሲዘፍን በጆሮዬ ሰምቻለሁ አለ። የመተማው ቄስም፣ ጠጅ ጣዮቹም፣ ባለሱቆቹም፣ ሁሉም ቆመው ሰሙት። አባቴ ሲጠየቅ ግጥሙ የተሰጠው እንደ ሆነ ተናገረ። አስተርጓሚው ማን እንደ ሰጠው ጠየቀው።

አባቴ ወደ ነጋዴው አየ። «አዝማሪ ግጥም የሰጠውን ሰው አያስይዝም» አለ።

ይህን ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። አባቴ ሰውዬው ፈርቶ የመሰከረ መስሎት ነበር። ስሙን ብጠራ ሁለታችንም እንሞታለን፣ ብደብቀው ግን እሱ ደጅ ጠንቶ ያስፈታኛል ብሎ አምኗል። ዕድሜ ልኩን የኖረበት ሕግ ነበርና ያ ሕግ እዚያም የሚሠራ መሰለው። እኔ ልናገር ስል እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችው። አባቴን እዚያው ዛፍ ላይ ሰቀሉት።

ሰው ያለው የባሰ ያቃጥለኝ ነበር። ምላሱ አስገደለው አሉ፤ ጠጅ ነው ያናገረው አሉ። ለነጋዴው ደግሞ ተጠይቆ የሰማውን ተናገረ፣ ምን ያድርግ አሉለት። ቤታችን ተወረሰና ብዙም ሳይቆይ የማሽላ መጋዘን ሆነ። እኛ ሽንፋ ወረድን። እናቴ በክረምቱ በንዳድ ተያዘች። ልትሞት ስትል ውኃ ሳይሆን እኔን ጠራችኝና «ቃሉንም ዜማውንም እንዳትረሺ» አለችኝ። ይቅር በይ አላለችኝም። የንስሐ አባቴ ናቸው ኋላ ይቅር በይ ያሉኝ። ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ፤ ይቅር ግን አላልኩም፤ ዛሬም አላልኩም።

ከአባቴ በኋላ በዚያ ቆላ ማሲንቆ የሚነካ ጠፋ። አንዱ አዝማሪ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈላጭ ሆነ። አንዱን መኮንኖቹ መጠጥ ቤታቸው ወስደው ከአኮርዲዮን ጋር አስመቱት፤ እስከ ዛሬ ባንዳ ይባላል። በእስክስታዋ የምትታወቅ አንዲት ሴት ገዳሪፍ ተሻግራ ሻይ ትሸጣለች ተባለ። አንዱ ከአርበኞች ጋር ቋራ ዱር ገብቶ ሸላይ ሆነ። እኔ አልቃሽ ሆንኩ። ከሽንፋ እስከ ገለጉ በየለቅሶው ሙሾ አወርድ ነበር። ሰው የሚያስለቅሰኝ የእሱ ሟች ይመስለው ነበር። እኔ ግን በእያንዳንዱ ሙሾ መሃል የዚያን ሰው አንገት፣ ማን ፈገግ አለ ብሎ የሚዞረውን፣ አስብ ነበር። ያን አንገት ተደፍቶ ማየት ነበር የምመኘው።

ጣልያን መተማን ለቅቆ በዚያው ባሠራው መንገድ ወደ ጎንደር ሲሸሽ ግጥሙ በየሰው አፍ ገባ። ድሮ በሹክሹክታ የሚባለው አሁን በአደባባይ ተባለ፤ የሟቹ አዝማሪ ግጥም እየተባለ። በዚያው ሰሞን ነጋዴው የውስጥ አርበኛ ነበርኩ ማለት መጀመሩን ሰማሁ። ማሽላ እየሸጥኩ ለአርበኞች ወሬ አቀብል ነበር ይላል፤ ማሽላውን የበሉ ሁለት ምስክሮችም አሉት። ከቋራ የወረዱት የአርበኞች አለቃ በኪዳነ ምሕረት ዕለት ኮኪት ድግስ ላይ የገበያ ሹም ሊያደርጉት ነው ተባለ።

የአባቴ ጓደኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ማሲንቆ መቺ ሽንፋ ነበሩ። ሄደሽ ክሰሺው አሉኝ። ማን ያምነኛል አልኳቸው። እሱ ጠመንጃና ምስክር አለው፤ እኔ የአዝማሪ ልጅ ነኝ፣ የሰማሁትም እኔ ብቻ ነኝ። ነገር ግን ሌት ተቀን የማስበውን ሰው ሕመሙን አውቀው ነበር። ግጥሙ ባለቤቱ ሳይጠራ በየገበያው ሲዞር እሱ እንቅልፍ እንደማይወስደው አውቅ ነበር። ዜማውን በአፌ ለሽማግሌው አሰማኋቸው። ደጋኑን አንስተው አስቀመጡት።

«ይህ ያባትሽ ነው» አሉ።

«አዎ አባባ። ግን ግማሹን ብቻ ነው የምንዘፍነው።»

ቀኑ ደረሰ። ኮኪት ከትልቁ የሮቃ ዛፍ ሥር ዳስ ተጥሏል። አለቃው በአጎዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቄሱ ከመተማ መጥተዋል፤ የመተማ ሰው ግማሹ እዚያ ነው። ነጋዴው አዲስ ኩታ ለብሶ፣ ጠመንጃ አንግቶ ከአለቃው በስተቀኝ ተቀምጧል። ፉከራው ሲያበቃ ሽማግሌው ማሲንቆውን ቃኙ። ነጋዴው አወቀኝ። ፊቱን አላጠቆረም፤ እንዲያውም ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ የአዝማሪው ልጅ አደገች አለ፤ ሰምቼዋለሁ።

ለአለቃው እጅ ነሥቼ፣ ባለቤቱ የጠፋ ግጥም ይዣለሁና ባለቤቱ እዚህ ካለ እንዲጨርሰው ይፈቀድልኝ አልኩ። ፈቀዱ። አወጣሁት።

መንገድ ሠራሁ ይላል ባሕር አቋርጦ...

ማሲንቆው ጸጥ አለ። ዳሱም ጸጥ አለ። ሁሉም ሁለተኛውን ስንኝ ያውቀዋል፣ ግን ባለቤቱን እየጠበቀ ነውና ማንም አልጨረሰም። ነጋዴውን አላየሁትም፤ መሬት መሬት ነበር የማየው። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አንዱ ልጅ እግር ይቀድመው ነበር፤ እሱን ያስቸኮለው ያ ይመስለኛል።

«ሊመለስበት ነው አንድ ቀን ሮጦ» አለ ተነሥቶ። «የእኔ ግጥም ነው። ሌላ የሚሉ ይዋሻሉ።»

እልልታው ቀለጠ። አንገቱን አዞረ፤ ማን ፈገግ እንዳለ አየ። አለቃው እየሳቁ ይህን በጣልያን ፊት ብለኸዋል ወይ ብለው ጠየቁት። መተማ ላይ፣ ባንዶቹ በር ላይ ቆመው እያለ አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ለማን እንደ ሰጠው ጠየቁት። ለአንድ አዝማሪ አለ፣ ድምፁ ትንሽ ቀነስ ብሎ።

«አዝማሪው የት አለ?» አሉ አለቃው።

ያን ጊዜ ቀና አልኩ። «ከዛፍ ላይ አውርደን ቀበርነው፣ ጌታዬ። አባቴ ነው።»

ነጋዴው ፈጥኖ ያገሬ ጀግና ነበር፣ እኔን ሳያጋልጥ ሞተልኝ ማለት ጀመረ። አልጨረሰውም። ቄሱ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ከዛፉ ሥር መስቀሌን ይዤ ቆሜ ነበር» አሉት። «አዝማሪው ከራሱ አውጥቶ ነው ብለህ ማልክ። ዛሬ ደግሞ የሰጠሁት እኔ ነኝ ትላለህ። የትኛው ነው?»

እሱ ወደ ሁለቱ ምስክሮቹ ዞረ። ከመተማ የመጡት አንድ በአንድ መናገር ጀመሩ። አንዷ ጠጅ ጣይ፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ነበር የማለው አለች። አንድ ባለሱቅ፣ ቤታቸውን መጋዘን ያደረገው እሱ ነው አለ። ሌላው ባንዶቹን ማን በር ላይ እንዳቆማቸው አሁን ገባኝ አለ። ምስክሮቹ ሁለቱ ከእሱ ራቅ ብለው ተቀመጡ። እኔ ምንም አልጨመርኩም። ከሳሹም ምስክሩም የራሱ አፍ ሆኖ ነበር።

አለቃው ጠመንጃውን አስፈቱት። ከዚያ ደሙ ያንቺ ነው፣ ምን ይደረግልሽ አሉኝ። ሰው ሁሉ ስቀሉት እንድል ይጠብቅ ነበር። እኔም መንገድ ለመንገድ ያንን እያሰብኩ ነበር የመጣሁት። ኩታውን ከትከሻው ሲያወርዱት ሳየው ግን ሞት አነሰብኝ፤ የሞተ ሰው ግጥሙ ሲዘፈንበት አይሰማም።

«ግጥሙን አምኗል» አልኩ። «እንግዲህ ይፈጽመው። በዚያ መንገድ ወደ ጌቶቹ ይመለስ፤ ሮጦ።»

አለቃው ይሁን አሉ፤ ከዛሬ በኋላ በዚህ ቆላ የታየ እንደ ሆነ ደሙ በገዛ እጁ ነው ብለው አዘዙ። መንገዱ ላይ አወጡት። መጀመሪያ መራመድ ሞከረ። ወጣቶቹ ከኋላው ሲመጡበት ሮጠ። ወፍራም ሰው ነበር፤ የቆላው ፀሐይ አናቱ ላይ ነበር፤ ጫማው አንዱ ወልቆ ቀረ። ሽማግሌው ማሲንቆውን እንደ ያዙ መንገዱ ዳር ቆሙ፤ እኔም ከጎናቸው ቆምኩ። ግጥሙን አሁን ሙሉውን ዘፈንኩት፤ ሕዝቡም ተቀበለኝ። አንድ ጊዜ አንገቱን አዞረ። ማን ፈገግ እንዳለ ለማየት ከሆነ አየኝ፤ ፈገግ ያልኩት እኔ ነበርኩ።

አቧራው እስኪውጠው ድረስ ዘፈንኩ። ጎንደር ይድረስ፣ መንገድ ላይ ይቅር፣ አልጠየቅኩም። በየገበያው ግጥሙን ስዘፍን ግን ስሙን አስቀድሜ እጠራ ነበር፤ ባለቤቱ ሳይጠራ እንዲዘፈን አይወድምና። ከዚያ ወዲህ በመተማ አባቴን ምላሱ አስገደለው የሚል አልሰማሁም። የኮኪቱ ድግስ የዋለው የካቲት 16 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር።