ያልታሰሰው የደቡብ ማሳ

በጎረቤት አገር ወደብ፣ ባሕር ላይ የጠፉ ሰዎችን ለሚፈልግ መሥሪያ ቤት የቅኝት መስመር እነድፍ ነበር። የነፋሱንና የውኃውን ግፊት አስልቼ፣ ከተገለበጠች ጀልባ የወደቁ ሰዎች የት ሊደርሱ እንደሚችሉ እገምታለሁ፤ ካርታውንም እከፋፍለዋለሁ። የስማዳ፣ የወገዳ ገበሬ ልጅ ነኝና ክፍሎቹን ማሳ እላቸው ነበር። መርከቧም እንደሚያርስ ሰው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች ታስሳቸዋለች።

አንድ ቀን ስደተኞች የጫነች ጀልባ ተገለበጠች። አምስት ማሳ ነደፍሁ። አራቱ ታስሰው የደቡቡ ሲቀር፣ አለቃዬ መርከቧ ወደ ወደብ ትመለስ አለ። አንድ ትልቅ ሰው ሊጎበኛት ስለሚመጣ መታጠብ ነበረባት። ውኃው የሚገፋው ወደ ደቡብ ነው፣ የተረፈ ሰው ካለ እዚያ ነው ብዬ ተከራከርሁ።

"ማንም የለም። ፈርም" አለኝ።

ፍለጋው ተጠናቋል በሚለው ወረቀት ላይ ፈረምሁ።

በማግሥቱ ዓሣ አጥማጆች ከዚያው ከደቡቡ ማሳ አንዲት ሴት ከነሕይወቷ፣ የሌሎችንም ሬሳ አወጡ። የተረፈችው ሴት፣ ጓደኛዋ ባዶ ጀሪካን አቅፋ እስኪመሽ ድረስ ስትጣራ እንደነበር ነገረችን። የጓደኛዋን አገር ጠየቅኋት። ስማዳ አለችኝ፤ የአባቷንም ስም ነገረችኝ። የሟቿ አባት ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ነበሩ።

ፈቃድ ወስጄ አገሬ ገባሁ። የኔታን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መርዶውን ቀድመው ሰምተዋል። ባሕር እንዴት እንደሚታሰስ ጠየቁኝ፤ አምስቱን ማሳ መሬት ላይ በእንጨት ሣልሁላቸው፤ የመርከቧን ምልልስ ያሰመርሁት ግን አራቱ ላይ ብቻ ነበር። ብዙ ሲያዩት ቆይተው ጣታቸውን ወደ ደቡቡ ዘረጉ።

"ይህችኛዋስ?"

"አልታሰሰችም፣ የኔታ።"

ምክንያቱን አንድም ሳልደብቅ ነገርኋቸው፤ መርከቧ ለእንግዳ እንደታጠበችም፣ እኔ እንደፈረምሁም። በከዘራቸው ቢመቱኝ ደስ ባለኝ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

"ለእኔ የነገርኸኝን ለእነሱም ጻፈው፣ ልጄ" አሉኝ።

ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊዎች ጻፍሁ፤ የአለቃዬንም የራሴንም ስም አስገባሁ። መልስ አልመጣም። የመጣው የሥራ ውሌ እንደማይታደስ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። አለቃዬ ዛሬም እዚያው ወንበሩ ላይ ነው፤ እንዲያውም ሹመት ጨመሩለት አሉ።

አሁን ንፋስ መውጫ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። ወገዳ በወረድሁ ቁጥር የኔታ ሰላምታዬን ይቀበሉኛል፤ ቤተሰቤንም ይጠይቁኛል። ያልበረደልኝ እኔ ነኝ።